«ይህ እርሱ ነው» ስንል

«ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ስም ነው። ስሙን ሲያገኝ ያርፋል፤ ፊቱንም ወደ ሌላ ያዞራል። እኔን ሲያሳስበኝ የኖረው ግን ስሙ ከተነገረ በኋላ የሚቀረው ነው። አንድን ነገር «ይህ እርሱ ነው» ብለን ስንለይ ስለ ነገሩ በእርግጥ ያወቅነው አንዳች አለ? ወይስ መጠየቃችንን ብቻ ነው ያቆምነው? በነገሩ ውስጥ የነበረ ድንበር አገኘን ወይስ እኛው ድንበር አበጀን? ከብት በሚረባበትና እህል በሚዘራበት ምድር ላይ ይህ ጥያቄ እምብዛም አያስጨንቅም። በሬና ፈረስ፣ ጤፍና ስንዴ በቅርጻቸውና በጥቅማቸው ራሳቸውን ይነግሩናል፤ ስማቸው ከጥንት ተሰጥቶ ያለቀ ስለሚመስለንም አንድ ጊዜ የለያቸው ሰው እንደነበረ እንኳ ትዝ አይለንም። ጥያቄውን እስከ ጥጉ ለመከተል ለስም በቀላሉ እጁን የማይሰጥ ፍጡር ያስፈልጋል። ከማውቃቸው ሁሉ ለዚህ የሚበቃው በባሕር ዳር ድንጋይና በወደብ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው፣ ተመራማሪዎች አሲዲያን የሚሉት እንስሳ ነው።

በብዙ የዓለም ወደቦች ጀልባ የሚታሰርባቸው ተንሳፋፊ መተላለፊያዎች አሉ። የባሕሩ ውኃ ሲሞላ አብረው ከፍ፣ ሲጎድል አብረው ዝቅ ስለሚሉ የታች ጎናቸው ከውኃ አይወጣም፤ ፀሐይም አያገኘውም። እዚያ ጥላ ውስጥ በሲሚንቶው፣ በገመዱ፣ ለመከላከያ በተንጠለጠለው አሮጌ ጎማ ላይ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ የተፋፈገ ሕይወት አለ። አንዱ ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ከረጢት ነው፤ ሌላው ቆዳው የጠነከረና የተጨማደደ ነው፤ ሌላው ደግሞ ስስ ንጣፍ ሆኖ ገመዱን ዙሪያውን ይለብጠዋል። ሁሉም አሲዲያን ናቸው ቢባል የሚያምን አይገኝም። የሚያገናኛቸው ነገር የሚገኘው በትዕግሥት ለተመለከተ ወይም በእጁ ለነካ ነው። እያንዳንዱ ሲነካ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም በሁለት ቀዳዳዎቹ ውኃ ይረጫል። በአንደኛው ቀዳዳ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሳበውን በንፍጥ በተሸፈነ ሰፊ የጉሮሮ ማጣሪያ ያሳልፋል፤ ምግቡን አስቀርቶ ውኃውን በሁለተኛው ቀዳዳ ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እስከ አሁን ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝርያዎቹ ስም አግኝተዋል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ደጃፍ ነው። አሪስቶትል እነዚህን ፍጡራን አይቷቸዋል፤ ከዕፀዋት የሚለያቸው ጥቂት ነገር መሆኑን፣ ይሁን እንጂ ከሰፍነግ ይልቅ ወደ እንስሳ የሚቀርቡ መሆናቸውን ጽፏል። በእኛም የሥነ ፍጥረት ትምህርት በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የተገኙት ፍጥረታት በአካሄዳቸው በሦስት ይመደባሉ፤ የሚሳቡ አሉ፣ በእግር የሚሄዱ አሉ፣ በክንፍ የሚበሩ አሉ። ይህ አመዳደብ ጥልቅ ነገር ይዟል፤ እንስሳን እንስሳ ያሰኘው መንቀሳቀሱ ነው ይላልና። ያደገ አሲዲያን ግን አይሳብም፣ አይሄድም፣ አይበርም። ከዚህም አልፎ የሚለብሰው ካባ የተሠራው ዛፍ ግንዱን ከሚሠራበት ከሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስን በገዛ አካሉ የሚያበጅ ሌላ የእንስሳት ወገን አይታወቅም። ልቡም እንደ ሌሎች ልቦች አይደለም። ደሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ለጥቂት ጊዜ ይገፋና ቆም ይላል፤ ከዚያም ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል። ስለዚህ ከደም ሥሮቹ መካከል የትኛው ወደ ልብ የሚመልስ፣ የትኛው ከልብ የሚያወጣ እንደሆነ ለይቶ መሰየም አይቻልም፤ ስሙ ተነግሮ ሳያልቅ ሥራው ይገለበጣል። እዚህ ላይ የሚያስገርመኝ የፍጡሩ እንግዳነት አይደለም። የሚያስገርመኝ «ዕፅ» እና «እንስሳ»፣ «መላሽ» እና «አውጪ» የሚሉት ክፍሎቻችን ምን ያህል ከምናውቃቸው ጥቂት ነገሮች ብቻ የተቀዱ መሆናቸው ነው። በሬና ፈረስን አይቶ የተሠራ መለኪያ ለበሬና ለፈረስ ይበቃል።

እንግዲህ እንስሳ መሆኑን ተቀበልን እንበል። ከ3,000ው የትኛው ነው? እዚህ ላይ የመለየት ሥራው ራሱ የሚያስከትለው፣ ለብዙ ጊዜ ያልፈታሁት አንድ ጭንቅ አለ። አሲዲያን ሲነካ ይዘጋል። ከውኃ ሲወጣ ይሸበሸባል፤ አልኮል ውስጥ ሲገባ ቀለሙን ያጣል። በሕይወት ሳለ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው፣ በከንፈራቸው ዙሪያ ያለው ጥርስ መሳይ ቅርጽ ተቆጥሮ ሊለይ ይችላል፤ ለምሳሌ ሲዮና የሚባለው ወገን በመግቢያው ቀዳዳ ላይ ስምንት፣ በመውጫው ላይ ስድስት አለው። ግን ማን አስከፍቶ ይቆጥራል? ተመራማሪዎች የዘየዱት ዘዴ እንስሳውን ከባሕር ውኃ ጋር በሳህን አድርጎ የሜንቶል ፍንካች መበተን ነው። ሜንቶሉ ቀስ ብሎ ያደነዝዘዋል፤ እንስሳውም አንድ ሰው አጠገቡ መኖሩን ሳያውቅ እንደተከፈተ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ ይሞታል፤ ይቀደዳል። ወሳኙ ምልክት ያለው ውስጡ ነው። የጉሮሮ ማጣሪያው በእያንዳንዱ ጎን ስንት እጥፋት አለው? በቀዳዳው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መዳሰሻዎች ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ ቅርንጫፍ ያወጡ? የዘር እጢው በአንጀቱ ቀለበት ውስጥ ነው ያለው ወይስ ከግድግዳው ላይ? ለዓይን ፈጥኖ የሚታየው ቀለም ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ የማያታልለው እንስሳው በሕይወቱ ለማንም ያላሳየው ነገር ነው።

ይህን ነገር ሳወጣና ሳወርድ እዚህ ላይ እደርሳለሁ። ማወቅን የምናስበው እንደ መገናኘት ነው፤ አንድን ነገር አወቅሁት ማለት ቀረብሁት ማለት ይመስለናል። በአሲዲያን ዘንድ ግን ቀርበን ስንነካው የምናገኘው የተዘጋውን፣ ከእኛ የሸሸውን መልኩን ነው። እንዳለ ለማየት ደግሞ እኛ የሌለን እስኪመስለው ድረስ ማደንዘዝ፣ በመጨረሻም መግደል አለብን። ሕያው ሳለ ማንነቱ እርግጠኛ አይሆንም፤ ማንነቱ እርግጠኛ ሲሆን ሕያው አይደለም። አንድ ሰው ይህ የመሣሪያ ጉድለት ነው፣ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ይቀራል ሊል ይችላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ዛሬ ከአካሉ ቅንጣት ተቆርጦ ጂኑ ይነበባል። ነገር ግን ጂኑ የሚነግረን ከየትኛው ስም ጋር እንደሚዛመድ ብቻ ነው፤ ያ ስም ደግሞ የተሰጠው በአንድ ሙዚየም ጠርሙስ ውስጥ ላለ ሙት ናሙና ነው። መንገዱ ረዘመ እንጂ መድረሻው አልተለወጠም። ስለዚህ መለየት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የሚለየው ሰው አይደለም። ይህን አውቆ የሚሠራ ሰው ቢያንስ የገደለውን ናሙና በቸልታ አይለይም፤ የተከፈለው ዋጋ ጥንቃቄን የሚጠይቅ ዕዳ ነው።

ዋጋውን ራሱ የከፈለ አንድ ሰው ግን አለ። ፈረንሳዊው ጁል ሴዛር ሳቪኚ እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ወደ ግብፅ ሲሄድ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ከቀይ ባሕር፣ ከስዊዝ ባሕረ ሰላጤ የሰበሰባቸውን ጥቃቅን እንስሳት ይዞ ተመለሰና ለዓመታት በማይክሮስኮፕ ሥር አጎንብሶ ኖረ። ዛሬም በቀይ ባሕር ድንጋዮች ላይ የሚታየውን ጥቁሩን ፋሉዚያ ኒግራን የሰየመው እርሱ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ሥራው ግን እ.ኤ.አ. በ1816 ያሳተመው ነው። እስከዚያ ድረስ በድንጋይና በባሕር ሣር ላይ ተነጥፈው የሚገኙት ከዋክብት መሳይ ሥጋማ ንጣፎች ምን እንደሆኑ ጠርቶ አይታወቅም ነበር። ሽሎሰር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1756 ከመካከላቸው አንዱን ሲገልጽ ኮራል የሚመስል ሥጋማ ነገር ብሎት ነበር። ሳቪኚ ንጣፉን ሰንጥቆ እያንዳንዱን ነጥብ መረመረ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር በማይሞላው ነጥብ ውስጥም የትልቁን አሲዲያን ጉሮሮ፣ አንጀትና ሁለት ቀዳዳ አገኘ። በአንድ ንጣፍ ውስጥ ብዙ እንስሳት ነበሩ። ይህን ካሳተመ ከአንድ ዓመት በኋላ ዓይኑ ታመመ። እ.ኤ.አ. በ1824 ሕመሙ ሲያገረሽ ብርሃን ማየት ሥቃይ ሆነበትና ሥራውን ተወ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1851 ድረስ ከብርሃን ተሸሽጎ ኖረ። በዓይኑ ያያቸውና በጥንቃቄ ያሣላቸው የግብፅ እንስሳት ሥዕሎች ማብራሪያ አልነበራቸውም፤ ማብራሪያውን የጻፈው ኦዱዋን የተባለ ሌላ ሊቅ ነው። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ያሉትን ያየው ሰው አልሰየማቸውም፤ የሰየማቸው ሰው በቀይ ባሕር ዳር አልቆመም። ማየትና መሰየም አንድ ሥራ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ሳቪኚ ያገኘው ነገር ከእርሱም በኋላ ያላለቀ ጥያቄ ወለደ። ያ ኮከብ መሳይ ንጣፍ ዛሬ ቦትሪለስ ሽሎሰሪ ይባላል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ወደቦች የተለመደ ነው። በግልጽ ካባ ውስጥ ጥቃቅን እንስሳት በክብ ተሰልፈው ይታያሉ። እያንዳንዱ የራሱ መግቢያ ቀዳዳ አለው፤ መውጫው ግን በኮከቡ መካከል የጋራ ነው። ደማቸውም በአንድ የደም ሥር መረብ ይዘዋወራል። «ይህ አንድ ቦትሪለስ ነው» ስል አንድ ያልሁት የቱን ነው? ጥቃቅኑን አባል? ኮከቡን? ወይስ ብዙ ኮከቦች ያሉበትን ማኅበር በሙሉ? ለመለየት መቁጠር ግድ ነው፤ ለመቁጠር ደግሞ አንዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ማኅበሩን አንድ ይሉታል፤ ከአንድ እንቁላል የተገኘ ነውና። ከአንድ እጭ የወጣው የመጀመሪያ አባል እያቆጠቆጠ የሠራው ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በዘር አንድ ናቸው። ይህ ጥሩ መልስ ይመስላል፤ ጥቂት ጊዜም ያሳርፋል።

ነገር ግን ማኅበሩ እንዴት እንደሚኖር እንመልከት። በየሳምንቱ ገደማ፣ ውኃው ሞቅ ባለበት ጊዜ፣ የማኅበሩ አባላት በሙሉ በአንድነት ይሞታሉ። ቀዳዳዎቻቸው ይዘጋሉ፤ አካላቸው ይኮማተርና በውስጡ ባሉት ሴሎች ተበልቶ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። በቦታቸውም ከጎናቸው ሲያድጉ የቆዩት ቡቃያዎች ቀዳዳቸውን ከፍተው ውኃ መሳብ ይጀምራሉ። ከሳምንት በኋላ እነርሱም እንዲሁ ይሆናሉ። የጽዋ ማኅበር መሥራቾቹ አልፈው ልጆቻቸው ሲተኩ ያው ማኅበር ነው እንላለን፤ የዚያ ማኅበር አባላት ግን በአንድ ሌሊት አያልቁም፤ ትናንት የነበረ አንድ ሰው ቢያንስ ዛሬም አለ። በቦትሪለስ ያ አገናኝ ምስክር የለም። ዛሬ ያየሁት ማኅበር ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ገመድ ላይ ሳየው ከቀድሞው አባላት አንድም የለበትም፤ እኔ ግን «ያው ነው» እላለሁ። ምኑ ነው ያው? ካባው? የደም ሥሩ? በደሙ የሚዘዋወሩት ጥቂት ሴሎች?

የመጨረሻው መልስ ወደ እውነት የሚጠጋ መስሎኝ ነበር፤ እርሱንም ሁለት ማኅበሮች ሲገናኙ የሚሆነው ነገር ያናጋዋል። ሁለት ቦትሪለሶች እያደጉ ጠርዛቸው ሲነካካ የደም ሥሮቻቸው ጫፍ ይፈታተሻል። አንድ የታወቀ የጂን ስፍራ አለ፤ በጣም ብዙ መልክ ስላለው ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ማኅበሮች ተመሳሳይ መልክ የመያዝ ዕድላቸው እጅግ አነስተኛ ነው። አንድ እንኳ ከተጋሩ የደም ሥሮቻቸው ይገጣጠሙና አንድ አካል ይሆናሉ፤ ካልተጋሩ መገናኛው ላይ የጠቆረ ጠባሳ ሠርተው ይለያያሉ። አእምሮ ነው ልንለው የምንችለው ነገር እጅግ ጥቂት በሆነበት በዚህ ፍጡር ውስጥ እኔና አንተ የሚለው ልዩነት ከብዙ ማኅበራዊ ሕጎቻችን በጠራ መልኩ ይፈጸማል። ከተገጣጠሙ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይከተላል። የአንዱ ሴሎች ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም የአንደኛው ዘር ሴሎች የሌላውን እጢ ይወርሳሉ። ያኔ በዚያኛው አካል የሚፈጠሩት እንቁላሎች የእርሱ አይደሉም። ከውጭ የሚታየው የአንዱ አካል ነው፤ ወደ ፊት የሚሄደው ትውልድ የሌላው ነው። ይህን ይዤ «ይህ አንድ ነው» ማለት እችላለሁ? እችላለሁ፤ ግን ለምን እንደምጠይቅ መጀመሪያ መናገር አለብኝ። ለሚቆጥር አንድ ነው፤ ዘሩን ለሚያጠና ሁለት ነው፤ ሲመገብ ለሚያየው መቶ ነው። ሦስቱም ሐሰት አልተናገሩም። «አንድ» በነገሩ ውስጥ ተጽፎ የሚጠብቀን ቁጥር እንዳልሆነ፣ የሚወሰነውም ከጥያቄያችን ጋር እንደሆነ ያመንሁት በቦትሪለስ ነው።

ጊዜም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል፤ እርሱን ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ብዙ የተወራበት ነውና። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 የአሲዲያን እጭ እንዴት እንደሚያድግ ሲገልጽ ዓለምን ያስደነቀ ነገር አሳየ። እጩ ጭራ አለው፤ በጭራውም ውስጥ የጀርባ ዘንግ፣ ከዘንጉ በላይ የነርቭ ገመድ አለ። ያ አቀማመጥ የዓሣ፣ የወፍና የእኛም ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ግኝት አንሥቶታል፤ በእኛ ዘመን የተደረገ የጂን ንጽጽርም የጀርባ አጥንት ላላቸው እንስሳት በጣም የቅርብ ዘመድ የአሲዲያን ወገን መሆኑን አጽንቶታል። እጩ ምግብ ሳይበላ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ይዋኛል፤ በራሱ አናት ከአንድ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፤ ጭራውንና ዘንጉን ወደ ውስጡ ያሟሟል። የገዛ አእምሮውን ይበላል እየተባለ የሚነገረው ተረት ልክ አይደለም፤ ያደገውም እንስሳ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል የራሱ የነርቭ ቋጠሮ አለው። እኔን የሚያቆመኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል ሰዎች ይህን እንስሳ ያወቁት ካደገ በኋላ ባለው መልኩ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ከትል፣ ከቀንድ አውጣ፣ ከዕፅ ጋር መደቡት። እውነተኛ ዝምድናውን የተሸከመው ግን ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ብቻ የሚኖረው መልኩ ነው። የአንድ ነገር ማንነት ረጅሙን ጊዜ ሆኖ በሚታይበት መልኩ ላይ ነው የሚል ሳናውቀው የተቀበልነው እምነት አለ። እምነቱ ከየት እንደመጣ ብመረምር፣ ለእኛ ለማየት ከመመቸቱ በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

አሁን ወደ ስም እንመለስ። ስዊድናዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ዛሬ ሲዮና ኢንተስቲናሊስ የምንለውን ረጅምና ብርሃን አሳላፊ አሲዲያን ሰየመ። ይህ ስም ለሁለት መቶ ኀምሳ ዓመታት ያህል በብዙ የዓለም ወደቦች ላይ ላለ እንስሳ አገለገለ። ተመራማሪዎች እንቁላሉን አጠኑ፣ ልቡን አጠኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2002ም ሙሉ ጂኖሙን አነበቡ፤ በእንስሳት ዓለም ቀድመው ከተነበቡት ጥቂቶች አንዱ ነበር። እያደር ግን በዚህ አንድ ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መኖራቸው ታወቀ። በእንግሊዝ የባሕር ሰርጥና በፈረንሳይዋ ብሪታኒ ዳርቻ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ለብዙ ጊዜም በአንድ ስም ተጠርተው ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ነገሩ ተጣርቶ አንደኛው የሊኒየስን ስም ይዞ ቀረ፤ ሌላው ግን ጃፓናውያኑ ሆሺኖና ቶኪዮካ እ.ኤ.አ. በ1967 የሰየሙትና ችላ ተብሎ የነበረው ሲዮና ሮቡስታ ሆኖ ተገኘ። ጂኖሙ የተነበበው የዚህ የሁለተኛው ነበር።

እንግዲህ እስከ 2015 ድረስ በዚያ ስም የተጻፉት በሺህ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ምን ሆኑ? ሐሰት ሆኑ? «ሲዮና ኢንተስቲናሊስ ይህን ያህል ጂን አለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በስሙ ከተሄደ ስለ ሌላ እንስሳ የተነገረ ነው፤ በሳህኑ ላይ ስለነበረው እንስሳ ከሆነ ግን እውነት ነው። ስሙ ሲስት ጣቱ አልሳተም፤ ሰውየው ያመለከተው አጠገቡ ያለውን ነበር። በዚህ የተነሣ በአንድ መለያ ውስጥ ሁለት ሥራ እንዳለ ይገባኛል፤ አንዱ ማመልከት ነው፣ ሁለተኛው ያመለከቱትን ከሌሎች ጋር ማዛመድ። የመጀመሪያው በጣም ጥቂት ይሳሳታል፤ ሁለተኛው ግን ምንጊዜም የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቃል። የአንድምታ መምህር ለአንድ ንባብ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ሲያወርድ አንዱን ለማጽናት ሌላውን መሻር አይኖርበትም። ዝርያ የሚለይ ሰው ግን አንዱን መምረጥ አለበት፤ እንስሳው ሁለቱንም ሊሆን አይችልምና። ሆኖም እርሱም የተተወውን ስም አያጠፋም፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንደተጠቀመበት ከአዲሱ ስም ሥር ይመዘግበዋል። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ የ2015ቱ ማጣራት ከየት ተነሥቶ ወዴት ይደርስ ነበር?

መለየት ለማሰብ ለሚወዱ ሰዎች ብቻ የቀረበ ጉዳይ ነው እንዳይባል አንድ ነገር ልጨምር። ዲደምነም ቬክሲለም የሚባል ንጣፍ ሠሪ አሲዲያን አለ፤ ፓትሪሺያ ኮት እ.ኤ.አ. በ2002 የሰየመችው ከኒው ዚላንድ በተገኘ ናሙና ነው፤ እርሷም የዚያው አገር ተወላጅ መስሏት ነበር። በኋላ የወጡት ማስረጃዎች ግን አገሩ ጃፓን መሆኑን ያመለክታሉ። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። ተወላጅ ከሆነ ይተዋል፤ እንግዳ ከሆነ ይዘመትበታል። በዌልስ በሆሊሄድ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገኝ መተላለፊያዎቹን በፕላስቲክ እየጠቀለሉ ውኃ አሳጥተው ሊያጠፉት ሞከሩ፤ ተመልሶ በቀለ። ንጣፉ በዛጎል አርቢዎች ላይ የሚያደርሰውን ኪሳራ፣ የሚያፍነውን የባሕር ወለል ሳስብ ዘመቻውን አልነቅፍም። ግን አንድ ስም በአንድ ናሙና ላይ ሲጻፍ «ይህ ምንድን ነው» ከሚለው ጋር «ይህ እዚህ መኖር ይገባዋል ወይ» የሚለውም አብሮ ይፈረዳል፤ ሁለተኛውን ፍርድ ደግሞ የሚያስፈጽሙት የመጀመሪያውን ያልመረመሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የሚለየው ሰው የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት እንደቆመ እማኝ ቃል ሊመዘን ይገባል ባይ ነኝ። ያየውን ይናገራል፤ ከየት ቆሞ እንዳየ ይናገራል፤ መስቀለኛ ጥያቄ ቢመጣ እንዲመለስበት ማስረጃውን ያስቀምጣል። እማኝ ሁሉን ዐዋቂ መሆን አይጠበቅበትም። ያላየውን ግን አይጨምርም።

ይህን ስጽፍ በባሕር ዳር ከተሞች የሚኖሩ አንባቢዎችን እያሰብሁ ነው። በሲያትል የምትኖሩ፣ በከተማችሁ ዙሪያ ባሉት የጀልባ ማቆሚያዎች ሥር ለሳቪኚ መታሰቢያ የተሰየመው ሲዮና ሳቪኚይ አለ፤ ከምዕራብ ፓስፊክ የመጣ እንግዳ ነው። በኢላትና በጂዳ የምትኖሩ፣ ጥቁሩ ፋሉዚያ ኒግራ በደጃችሁ ባሕር ውስጥ ነው። አጎንብሳችሁ ስታዩ አትንኩት፤ ቀዳዳዎቹ እስኪከፈቱ ጠብቁት። ንጣፍ ሆኖ የሚያድገውን ቆርሳችሁ ወደ ውኃ አትጣሉ፤ የዲደምነም ቁራሽ ሌላ ቦታ ተጣብቆ ያድጋል። ፎቶግራፍ አንሡ፤ በምን ላይ እንደተጣበቀ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበር፣ ቀዳዳዎቹ ምን ቀለም እንደነበራቸው ጻፉ፤ በአቅራቢያችሁ የባሕር ጥናት ተቋም ካለም ላኩላቸው። ስለ ስሙ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት። ቀኑና የተገኘበት ስፍራ ግን ሳይጻፍ አይቅር።